የጎደለው አራት ወር

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው። እትዬ ቅጠል በዩኒቨርሲቲው የሰው ሀብት አስተዳደር ኮሪደር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣ ተራዋን ስትጠብቅ፣ ከፊቷ ያለው በር ገርበብ ብሎ ነበርና በውስጥ የሚነጋገሩትን ሁለት ሰዎች አንድ በአንድ ሰማቻቸው። ሰምታም ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ መስሏት «ምስኪን!» ብላ ከንፈሯን መጠጠች።

«ዘጠኝ ዓመት ከስምንት ወር ነው የሚመጣው» አለ የወንድ ድምፅ። «አሥር አይሞላም። አራት ወር ይጎድላታል።»

«ስለዚህ የየወሩን ጡረታ አታገኝም ማለት ነው?» አለች ሴት።

«ከየት አምጥታ? የተቆረጠባትን በአንድ ጊዜ ተቀብላ ትሰናበታለች። በቃ።»

«ሃያ ሦስት ዓመት አገልግያለሁ ነው እኮ የምትለው።»

«አሥራ ሦስቱ የቀን ሥራ ነዋ! የቀን ሥራን ማን ይቆጥረዋል? ይልቅ አንቺ ንገሪያት። እኔ እዚህ ስማር ጀምሮ የማውቃት ሴትዮ ናት፤ አፌ አይደፍረውም።»

«እኔማ አልናገርም። ያለፈውን የአትክልተኛውን እኔ ነኝ የነገርኩት፤ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። ዛሬ ያንተ ተራ ነው። የቅጠሏን ሴትዮ አንተ ንገራት።»

«የቅጠሏ» የሚለው ቃል ጆሮዋ ሲገባ እትዬ ቅጠል ግራና ቀኝ አየች። ኮሪደሩ ላይ ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም።

በዚያ ግቢ ውስጥ የወላጆቿን ስም የሚያውቀው ደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ ቅጠል ናት፤ ከሬክተሩ ሾፌር እስከ ጀማሪው ተማሪ «እትዬ ቅጠል» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው። ሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍል ካለበት ሕንፃ ምድር ቤት የደረቁ ዕፅዋት የሚቀመጡበት ክፍል አለ። መምህራንና ተማሪዎች ከየዱሩና ከየወንዙ ዳር ለቅመው የሚያመጡትን ቅጠልና አበባ ተቀብላ፣ እንደ ሕፃን ልጅ ጣት እያፍታታች በወረቀት መካከል ታስተኛዋለች፤ በሁለት ጣውላ ጨምቃ በቀበቶ ጥፍር አድርጋ ታስረዋለች፤ ሻጋታ እንዳይበላው ወረቀቱን በየማለዳው ትቀይርለታለች። ሲደርቅ በወፍራም ነጭ ወረቀት ላይ በሙጫና በክር ታያይዘዋለች፤ ከየት እንደመጣ፣ መቼና በማን እንደተለቀመ በዚያ ቀጥ ባለ የስምንተኛ ክፍል የእጅ ጽሑፏ ትጽፍለታለች። ከዚያ የብል መድኃኒት በሚሸት የብረት ሣጥን ውስጥ ይገባል። «ለቀማ» የሚለው መስመር ላይ የመምህሩ ስም ይጻፋል፤ የእሷ ስም የሚጻፍበት መስመር የለም፤ ኖሮም አያውቅም፤ እሷም ፈልጋው አታውቅም።

የፈለገችው ሌላ ነገር ነው። ባሏ ትቷት ከሄደ በኋላ «ለጊዜው» ብላ የተጠጋችው ታናሽ እህቷ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሞላት። የእህቷ ባል ልብስ ሰፊ ነው፤ ቤቱ ሁለት ክፍል፤ የመንገዱ ወገን ያለው ቀን ቀን የልብስ ስፌት፣ ማታ ማታ የእሷ መኝታ ነው። ፍራሿን በሁለቱ የስፌት መኪናዎች መካከል ትዘረጋለች፤ ከራሷ በላይ የማታውቃቸው ሰዎች ኮትና ቀሚስ ተሰቅሎ ያድራል። ደንበኛ ሳይመጣ ማልዳ ፍራሹን ጠቅልላ ማንሳት አለባት። በውስጠኛው ክፍል ደግሞ ባልና ሚስቱ በአንድ ወገን፣ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጃቸው ከመጋረጃ ጀርባ ይተኛሉ። ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ልብሷን ስትለብስ አባቷ ሁልጊዜ ጉሮሮውን እየጠረገ ወደ ውጭ ይወጣል። ይህን ሁሉም ያያል፤ ማንም አያነሳውም። «አክስቴ ጡረታ ስትወጣ» የሚለው ወሬ በዚያ ቤት ውስጥ እንደ ሌላ ሰው ቤት «ዝናቡ ሲያባራ» እንደሚባለው ሆኗል፤ አክስት ጡረታ ስትወጣ የራሷን ቤት ትከራያለች፣ ልጅቷ ማታ ማታ በመኪናዎቹ መካከል ትተኛለች፣ አባቷም ጉሮሮውን አይጠርግም። ቤቱም ተገኝቷል። ከእነሱ ሦስት በር አልፎ ያለች ባልቴት አንድ ክፍል ታከራያለች፤ አንድ መስኮት፣ ሲሚንቶ ወለል፣ የራሱ ቁልፍ ያለው በር። ኪራዩ የጡረታዋን ግማሽ ይበላል። እትዬ ቅጠል ሁለት ጊዜ ሄዳ አይታዋለች፤ አልጋው በየት በኩል እንደሚሆን ሳይቀር ወስናለች። ስድሳ ዓመት ሊሞላት የቀራት ሁለት ወር ብቻ ነበር።

በሩን አንኳኩታ ገባች። ሁለቱም ብድግ አሉ። ሴትዮዋ «ፎቶ ኮፒ አለብኝ» ብላ ወረቀት ሳትይዝ ወጣች። ወጣቱ የጡረታ ጉዳይ ሠራተኛ ወንበር ስቦ፣ አቧራ ሳይኖርበት በእጁ ጠራርጎ አስቀመጣት፤ ስለ ብርዱ ጠየቃት፤ ስለ ጉልበቷ ጠየቃት፤ የሚጠይቀው ሲያልቅበት እስክሪብቶውን ከፈተና መልሶ ከደነ።

«ሰምቻለሁ ልጄ» አለችው። «በሩ ክፍት ነበር።»

ፊቱ ቀላ። «እትዬ… ሕጉ ነው እንጂ እኛ እኮ…»

«ቋሚ ያደረጉኝ ጊዜ ያለፈውም ተደምሮልሻል ተብዬ ነበር።»

«ማን አለዎት?»

የነገራት ያን ጊዜ የነበረው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና ደግ ሰው ነበር። ደብዳቤውን ሲሰጣት ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ «ያለፈውም ተደምሮልሻል፣ አይዞሽ» ብሏታል። ደብዳቤው ግን «ከዚህ ቀን ጀምሮ» ነው የሚለው። በፕላስቲክ ጠቅልላ ከፍራሿ ሥር ስታኖረው ሰውየውን አመነች እንጂ ወረቀቱን አላነበበችም። ትልቅ ሰው ከተናገረ ወረቀት ምን ያደርጋል?

«እንግዲያው አራት ወሩን ልሥራዋ» አለች። «እጄ አልደከመ፣ ዓይኔ አልፈዘዘ። ከስድሳ በኋላ አራት ወር ጨምሩልኝ።»

«ማራዘሚያ ለመምህራን ነው እትዬ። ለአስተዳደር ሠራተኛ አይፈቀድም።»

ከዚያ ወጣቱ፣ አንገቱ ላይ የታሰረ ገመድ እንደተፈታለት ሰው፣ ቀና አለና «የድሮ የክፍያ ሰነድ ከተገኘ ግን… የቀን ሥራ የሠሩበት፣ የፈረሙበት… ካመጡ እናየዋለን» አላት። «እናየዋለን» የምትለው ቃል ስንቱን ሰው አመላልሳ ጫማ እንደጨረሰች እትዬ ቅጠል ታውቃለች። ቢሆንም ሰው ሲሰጥም የያዘውን አይለቅምና ተነሳች። አራት ወር ብቻ ነው የጎደለው። ከአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ አራት ወር አይጠፋም።

መዝገብ ቤቱ ከካፌው ጀርባ ነው። ጠባቂው መነጽሩን በክር ያሰረ፣ ከእሷ አንድ ዓመት የሚያንስ ሰው ነው፤ የመጣችበትን ስትነግረው እንደ መሳቅም እንደ ማዘንም አደረገው።

«የቀን ሠራተኛ ክፍያ? አምስት ዓመት ይቀመጥና ይወገዳል። ደግሞ አንቺው አይደለሽ እንዴ በጋሪ ጭነሽ የወሰድሽው?»

«እኔ?»

«የዛሬ አራት ዓመት! ‹ወረቀት አልቆብኛል፣ ጋዜጣም የሚገዛ ጠፋ፣ ቅጠሎቼ ሊሻግቱ ነው› ብለሽ ስትለምኚኝ አይደለም? አራት ጆንያ ሙሉ ሰጠሁሽ። መርቀሽኝ ነው የሄድሽው።»

ትዝ አላት። በእርግጥ መርቃዋለች። ያን ቀን እንዲያ ደስ ብሏት ነበር፤ ጋሪውን ራሷ እየገፋች፣ ወረቀቱ ወፍራምና ውሃ የሚመጥ ሆኖ ስላገኘችው ልጅ እንደወለደች ሴት ፈገግ ብላ ነው ምድር ቤት የገባችው። በላዩ ምን እንደተጻፈበት አላየችም። ማን ያያል? ለቅጠል ወረቀት ወረቀት ነው።

ክፍሏ ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈች። የተረፈው ወረቀት ከሣጥኖቹ ጀርባ ባለው ጥግ ወገቧ ድረስ ተከምሯል። ግማሹ በዓመታት ውስጥ ሻግቶ ራሷ ናት ያቃጠለችው፤ ሌላው በቅጠል ጭማቂ ተለጣጥፎ እንደ ካርቶን ደርቋል። መሬት ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ ማላቀቅ ጀመረች። የነዳጅ ኩፖን መመዝገቢያ አገኘች፤ የፈተና ወረቀት አገኘች፤ የተሰባበረ ወንበር ይጠገንልን የሚል ሰባት ጊዜ የተጻፈ ደብዳቤ አገኘች። ስድስት ሰዓት ቢሆንም ለምሳ አልወጣችም። ጣቶቿ ማላቀቁን ስለለመዱት ወረቀት አይቀዱም፤ በጥፍሯ ጠርዙን ታነሳለች፣ ትንፋሿን ትሰጠዋለች፣ ቀስ ብላ ትስባለች። የመጀመሪያውን ያገኘችው ሰባት ሰዓት ሲያልፍ ነው። «የቀን ሠራተኞች የክፍያ ዝርዝር» ይላል አናቱ ላይ፤ መሐሉን የአንድ ሰፊ ቅጠል ቅርፅ አረንጓዴ አድርጎታል፤ ከቅጠሉ ጎንና ጎን ስሞች ይነበባሉ። አትክልተኛው አለ። ቀለም ቀቢው አለ፤ እሱ ከመሰላል ወድቆ የሞተው ነው። «ጢሞ» ይሉት የነበረው የበር ጠባቂ አለ፤ የት እንደገባ እንጃ። ተራ ቁጥር አሥራ አራት ላይ የራሷ ስም፣ ከጎኑ ትንሽዬ ቀጥ ያለች ፊርማዋ። ፊርማዋን በጣቷ ነካቻት። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው በእጇ የገቡት ወረቀቶች አምስት ሆኑ። ደግማ ቆጠረች። አምስት የተለያዩ ወሮች፤ የሚያስፈልገው አራት ነው፤ አንድ ተርፏታል። ብቻዋን በዚያ ምድር ቤት ሳቋ መጣ።

ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን ብናኝ ሳታራግፍ ነው ሽቅብ የሮጠችው። ወጣቱ ብቻውን ነበር። ወረቀቶቹን ፊቱ በተርታ ዘርግታ፣ ትንፋሿ ሳይመለስ «አምስት ነው። አንዷን ለአንተ ልተውልህ» አለችው።

አልሳቀም። አንደኛውን አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው፤ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንም። ከዚያ በእስክሪብቶው ጫፍ ከወረቀቱ በስተግራ ያለች አንዲት ጠባብ ዓምድ አሳያት።

«ይቺን ያዩዋታል? የጡረታ መዋጮ ነው የምትለው። ከላይ እስከ ታች ባዶ ናት።»

«እና?»

«ምንም አልተቆረጠም እትዬ። ካልተቆረጠ አይቆጠርም። አምስት ወር ሳይሆን አሥራ ሦስቱንም ዓመት ቢያመጡልኝ አይቆጠርም።»

ከታች ግቢው ውስጥ ተማሪዎች ኳስ ሲመቱ ይሰማል። እትዬ ቅጠል ባዶዋን ዓምድ አየቻት። ለዓይን የማትሞላ ነገር ናት፤ አንድ ጣት ቢጋደም ይሸፍናታል።

«ታዲያ ጠዋት ለምን እንዲህ አላልከኝም?»

ወጣቱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ፊት ለፊትዎ እምቢ ማለት አቃተኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ፈልገው ሲያጡት ራስዎ ይተዉታል ብዬ ነው። ያገኛሉ ብዬ… ማንም አግኝቶ አያውቅም።»

ልትቆጣው ፈልጋ ነበር። ቁጣው ግን ከሆዷ ተነስቶ ደረቷ ላይ ሲደርስ የልጁን ዓይን አየችና እዚያው ቀረ። እንባ አቅርሯል። አሁን እሱን ማጽናናት የእሷ ዕዳ ሆነ። «ተው ግድ የለህም» አለችው፤ «ያንተ ጥፋት አይደለም።» ወረቀቶቹን ሰብስባ ስትወጣ ሴትዮዋ ወደ ቢሮው ስትመለስ በር ላይ ተገናኙ፤ ሴትዮዋ ግድግዳውን ተጠግታ አሳለፈቻት።

ምድር ቤት ስትደርስ የአሁኑ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በሯ ላይ ቆሞ እየጠበቃት ነበር። ይህ ሰው ተማሪ ሳለ የመጀመሪያ ቅጠሉን ያስጠፈጠፈችው እሷ ናት፤ ሥሩን ከነአፈሩ አምጥቶ ጣውላዋን ሲያበላሽባት በማስመሪያ እጁን መትታዋለች፤ ዛሬም ሰው በተሰበሰበበት ያን እያወራ ያስቃል። ነገሩን ከላይ ደውለው ነግረውታል። እሱ ግን እንደ ወጣቱ አልጨነቀውም፤ መፍትሔ ይዞ መጥቷል፤ ፊቱ ይህን ይናገራል።

«እትዬ፣ እኛ እርስዎን ሜዳ ላይ አንጥልም» አለ። «አስቤበታለሁ። ጡረታ በወጡ ማግስት በቀን ሠራተኛነት እቀጥርዎታለሁ። የቀን ሥራ ዕድሜ አይጠይቅም። ቋሚ የምትሆን ልጅ እየመጣች ነው፤ ዲፕሎማ አላት ግን ቅጠል ይዛ አታውቅም፤ እሷን ያስተምሩልኛል። ወንበርዎ አይነካም፣ ቁልፉም እርስዎ ጋ ይሆናል።»

«ሲዘጋስ?» አለች።

«ምኑ?»

«ዩኒቨርሲቲው። ክረምት ሁለት ወር ይዘጋል። ስታመምስ?»

«ያው… የቀን ሥራ ስለሆነ በተሠራበት ቀን ነው የሚከፈለው» አለና ቶሎ ብሎ «እርስዎ ደግሞ መቼ ታመው ያውቃሉ!» ብሎ ሳቀ።

ቅጹን ከቦርሳው አወጣ፤ ተሞልቶ ያለቀ ቅጽ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ፣ ከሙጫው ቆርቆሮ ጎን አስቀመጠላት። የጡረታ መዋጮ የምትል ዓምድ እንዳለች ዓይኗ ፈለገ፤ አለች፤ ሰረዝ ተደርጎባታል። እትዬ ቅጠል ለረዥም ጊዜ አላሰበችም። ማሰብ የሚያስፈልገው ሁለት መንገድ ላለው ሰው ነው። ፈረመች፤ ያቺው ትንሽዬ ቀጥ ያለች ፊርማ። ኃላፊው በሁለት እጁ ጨብጧት፣ ነገ ከወንዙ ወዲያ የሄዱ ተማሪዎች ሁለት ጆንያ ቅጠል ይዘው ስለሚመጡ በጠዋት እንድትገባ አሳስቧት ሄደ። ወረቀት ማነሱን አስታወሰች። አምስቱን ወረቀቶች በእጇ መዳፍ አስተካክላ ከክምሩ ላይ መለሰቻቸው።

ወደ ቤት በእግሯ ነው የሄደችው። ታክሲው ሲመሽ ዋጋ ይጨምራል፤ ዛሬ ግን ለዚያ አይደለም፤ መንገዱ እንዲረዝምላት ነው። ቢሆንም አልረዘመም። ባልቴቷ በሯ ላይ በርጩማ አውጥታ ጀንበሯን እየሞቀች ነበር።

«እትዬ!» አለቻት ከሩቅ። «አንድ አስተማሪ መጥቶ የሦስት ወር ቀብድ ልስጥ ብሎኛል። እኔ ግን ቃሌን አላጥፍም፤ ልያዝልሽ ወይስ ልልቀቀው?»

ከባልቴቷ ትከሻ በላይ በሩ ገርበብ ብሎ ይታያል፤ ወለሉ ተጠርጎ፣ ግድግዳው አዲስ ኖራ ተቀብቷል። ለእሷ ብላ ነው ያስቀባችው።

«ልቀቂው» አለች እትዬ ቅጠል።

«ምነው? ቀለሙ አልወደድሽውም?»

«ቀለሙስ አምሯል። በጣም አምሯል።» ሌላ የምትለው አጥታ «እጅሽ ይባረክ» ብላ አለፈች።

እራት ቀርቦ ነበር። የእህቷ ባል መኪናው ላይ እንደተቀመጠ የመጨረሻውን ሱሪ ጫፍ እየሰፋ ነው፤ ልጅቷ የትምህርት ቤት ልብሷን ሳታወልቅ ሰሃን ታቀርባለች። እህቷ ገና እንደገባች ፊቷን አየችው። እህቶች ሲያረጁ ፊት ለማንበብ ብርሃን አይፈልጉም፤ ግን ማየት የፈለጉትን ያያሉ።

«እታለም፣ ወረቀቱ አለቀ? ምን አሉሽ?»

እትዬ ቅጠል ሻርፗን አውልቃ፣ አጣጥፋ፣ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ከበሩ እስከ ሰሃኑ ድረስ የምትናገረውን ስታዘጋጅ ነበር የመጣችው፤ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«እንደገና ቀጠሩኝ» አለች።

«እሰይ!» እህቷ በሁለት እጇ አጨበጨበች። «አላልኩሽም? ያላንቺ ማን አላቸው! ጡረታው በዚህ፣ ደመወዙ በዚያ! እታለም እኮ ሀብታም ልትሆን ነው!» ልጅቷም አክስቷን ከኋላ አቅፋ አንገቷን ሳመቻት፤ ቀድሞ ያልነበራትን ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዳገኘች ልጅ እግሯ መሬት አልነካም።

የመኪናው ፔዳል ቆመ። ልብስ ሰፊው መርፌውን ከጨርቁ ሳያወጣ፣ ቀና ሳይል ጠየቀ። እሱ ዕድሜውን ሙሉ የየዕለቱን ለየዕለቱ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው።

«ለስንት ዓመት ነው የፈረሙልሽ እትዬ?»

«ለየቀኑ ነው» አለች።

ሰውየው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ሚስቱን አየ። የእህቷ እጆች ሳይወርዱ፣ እንደተገጣጠሙ ደረቷ ላይ ቀሩ።

«ጡረታውስ?» አለች ቀስ ብላ።

«አራት ወር ጎደለኝ።»

«ቤቱስ?»

«ለቀቅኩት።»

ውጭ መኪና አለፈ፤ የተሰቀሉት ልብሶች በነፋሱ ትንሽ ተወዛወዙ። ልብስ ሰፊው ክሩን በጥርሱ በጠሰና መጥቶ ተቀመጠ። እህቷ እጇን ወደ ሰሃኑ ላከች፣ መልሳም ሰበሰበችው፤ በመጨረሻ ከራሷ ወገን ያለውን ወደ እትዬ ቅጠል ወገን ገፋ አደረገችላት። ማንም አልቆረሰም። ልጅቷ ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ ፊት እየተመለከተች ቆየች፤ የሚባለው ነገር አልገባትም ነበር፤ ደስታዋም ገና አልበረደም።

«ታዲያ መቼ ነው የምትወጪው አክስቴ?» አለች።

«ብዪ» አለቻት እናቷ። «ምግብሽን ብዪ።»